የገዛሁት ሐዋርያ ለምን የጎረቤት ሆኖ ወጣ?

ጥቅምት ላይ በደብረ ብርሃን ማታ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ የለም። እኔና ከአንኮበር የመጣው የአክስቴ ልጅ ጋቢያችንን ተከናንበን በአንድ ላፕቶፕ ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን፣ ከተማ እየቆረቆሩ መንግሥት የሚያሳድጉበትን የኮምፒውተር ጨዋታ እንጫወታለን። ኮምፒውተሩ አንድ ስለሆነ በየተራ ነው፤ እኔ ስጫወት እሱ የቆሎውን ሰሃን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ እሱ ሲጫወት እኔ። የሌላውን ካርታ ማየት ነውር ነው። ከተሞቻችንን የምንሰይመው በአገራችን ስም ሲሆን የእኔዎቹ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ደብረ ሲናና መሐል ሜዳ ነበሩ። ሃይማኖት ሲመሠረት ጨዋታው የታወቁትን የዓለም ሃይማኖቶች ስም ይደረድራል፤ የራስን ስም መጻፍም ይፈቅዳል። እኛ የእውነቱን ስም በጨዋታ ማንሳት ስለከበደን የእኔን «ውርጭ»፣ የእሱን «ጉም» አልነው። ደብረ ብርሃንንና ጣርማ በርን የሚያውቅ ስሞቹ ከየት እንደመጡ አይጠፋውም።

አንድ ማታ ከሃያ ዙር በላይ ያጠራቀምኩትን፣ የሃይማኖት ሰው የሚገዛበትን የእምነት ነጥብ አውጥቼ አንኮበር ላይ አንድ ሐዋርያ፣ ማለትም ሃይማኖቴን የሚሰብክልኝ ሰው ገዛሁ። ወጣ፣ ቆመ። ምልክቱን ባየው የጉም ሐዋርያ ነው! በገዛ ነጥቤ፣ በገዛ ከተማዬ፣ ራሴ በሠራሁት ቤተ መቅደስ ለጎረቤቴ ሰባኪ ቀጠርኩለት። ለካ አንኮበር ከስድስት ዙር በፊት ተለውጦ ኖሯል። ማስታወቂያው ሲወጣ ሳላነብ አልፌዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ተራው ደርሶ ዞር ሲል ፊቴን ዓይቶ ብቻ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩን ከሥሩ የተማርኩት። ይህን ጨዋታ የጀመሩ ብዙ ልጆች ተመሳሳይ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ስለማይ እንደገባኝ ላስረዳ።

መጀመሪያ መጣል ያለበት ሐሳብ «የእኔ ከተማ የእኔን ሃይማኖት ይከተላል» የሚለው ነው። በዚህ ጨዋታ ንጉሥ ሃይማኖት አያውጅም። ባለቤትነትና ሃይማኖት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። ከተማ ማለት የነዋሪዎች ቁጥር ነው፤ ስምንት ነዋሪ ካለው ስምንቱ አንድ በአንድ የየትኛው ሃይማኖት ተከታይ እንደሆኑ ይቆጠራል። ከግማሽ በላይ የሆኑት የያዙት የከተማው ሃይማኖት ይባላል። እኔ የማቆመው ወታደር፣ የማስገነባው ግንብ በዚህ ቆጠራ ውስጥ ድምፅ የለውም።

ታዲያ ነዋሪው በምን ይለወጣል? ጨዋታው «ግፊት» የሚለው ነገር አለ። እያንዳንዱ ከተማ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሃይማኖት አንድ ጎተራ እንዳለ አስቡት። በየዙሩ ወደ ጎተራው ጥቂት ጥቂት ይገባል፤ ነዋሪዎቹም ጎተራዎቹ በያዙት መጠን ይከፋፈላሉ። አንኮበር ስምንት ሰው ኖሮት የጉም ጎተራ 500፣ የውርጭ 300 ቢይዝ፣ አምስቱ ጉም ሦስቱ ውርጭ ናቸው ማለት ነው። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።)

ጎተራውን የሚሞላው በዋናነት ጉርብትና ነው። አንድ ሃይማኖት የያዘ ከተማ ዙሪያውን እስከ አሥር ታይል ድረስ ባሉ ከተሞች ላይ ሁሉ በየዙሩ ይገፋል። ታይል የምንለው ካርታው የተከፋፈለበትን ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ ነው። ተራ ከተማ አንድ አንድ ይገፋል፤ ቅዱስ ስፍራ (የጸሎት ቤትና ቤተ መቅደስ የሚቆሙበት ሰፈር) የተሠራለት እጥፍ፤ ሃይማኖቱ የተመሠረተበት ቅድስት ከተማ ደግሞ አራት እጥፍ። አንድ አንድ ሲባል ትንሽ ይመስላል። የአክስቴ ልጅ ግን ድንበሬ ሥር ሦስት ትንንሽ ከተማ ደርድሮ ነበር። ገና ሲያቆማቸው «ምን ሊያደርጉለት ነው? አንድ ጋሻ ወታደር ይበቃቸዋል» ብዬ ነው የናቅኳቸው። ሦስቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፉ፣ እኔ በጦርና በእርሻ ተጠምጄ ስድሳ ዙር ሲያልፍ፣ ጉም እንደ ስሙ ሳይታይ ገባ። በጣርማ በር መንገድ የነዳ ሰው ያውቀዋል፦ ጉሙ መቼ እንደጀመረ አይታይህም፣ ፊትህ ያለው መንገድ መጥፋቱን ነው የምታየው።

ሁለተኛው በር ንግድ ነው። የንግድ መስመር በከፈትክባቸው ሁለት ከተሞች መካከል ግፊትም አብሮ ይጓዛል። ነጋዴው ወደ ሄደበት ከተማ የሚወስደው ይበልጣል፣ ወደ ተነሣበት የሚመልሰው ያንሳል፤ ቢሆንም ባዶ እጁን አይመለስም። የንግድ መስመር ደግሞ ከአሥር ታይል ርቆ ስለሚሄድ ጉርብትና የማይደርስበት ከተማ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ አልዩ አምባ አለች፤ የሲራራ ነጋዴ ከባሕር ዳርቻና ከሐረር በኩል መጥቶ የሚራገፍባት፣ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚኖሩባት የገበያ ከተማ ነበረች። ከላይ የሸዋ ነገሥታት ክርስቲያን ቤተ መንግሥት፣ ከታች የሙስሊም ገበያ፣ በመካከላቸው የበቅሎ መንገድ። ጨዋታው ይህን ቢያሰላው ከሁለቱ አንዱ በመቶ ዙር ውስጥ ሌላውን ይውጠው ነበር። ይፋት ሰርግ የሄደ ሰው ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ዳስ ዓይቷል፤ ለጨዋታው እንዲህ ያለ ከተማ ገና ያልተቋጨ ሒሳብ ነው። ጨዋታን ለምን እንደ ኑሮ አልሆንክም ብሎ መክሰስ አይገባም፣ ግን ያጎደለውን ማወቅ አይከፋም።

ያልተቋጨ ሒሳብ ካልኩ አይቀር፣ ከሦስት ሃይማኖት አንዱም ከግማሽ ካላለፈ ከተማው የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነ ከተማ በጎረቤቱ ላይ አይገፋም፣ ሰባኪም አይሸጥልህም። ይህ ሁኔታ መከላከያም ይሆናል፤ ማሸነፍ ያቃተህን ከተማ ቢያንስ ለማንም እንዳይሆን አድርገህ መያዝ ትችላለህ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ዋና ነገር ልምጣ፦ ከተማህ በሌላ ሃይማኖት ሲያዝ በትክክል ምን ታጣለህ?

እኔ ሁሉን ያጣሁ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በጨዋታው የሃይማኖት ስም ብቻውን ምንም አይሰጥም፤ ሥራ የሚሠሩት መሥራቹ የሚመርጣቸው አራት ያህል ትምህርቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የተከታይ ትምህርት ይባላል። ይህ የሚሠራው ሃይማኖቱን ለያዘው ከተማ ነው፣ ከተማው የማንም ይሁን። የአክስቴ ልጅ ለጉም የመረጠው የጸሎት ቤትና ቤተ መቅደስ ምግብ እንዲጨምሩ የሚያደርገውን ነበር። ስለዚህ አንኮበር ወደ ጉም ከዞረች በኋላ ሕዝቧ በፍጥነት ማደግ ጀመረ። እሱ መርጦ እኔ በላሁ! ገና ሃይማኖት ያልመሠረተ ተጫዋች ከሆንክማ የጎረቤት ሰባኪ ሲመጣ በር ከፍቶ ማስገባት ነው የሚሻለው፤ ያለ ምንም ወጪ የእሱን ትምህርት ታገኛለህ። መመሥረትም ለሁሉም አይደርስም፤ ስምንት መንግሥታት በሚጫወቱበት ካርታ ላይ ከአምስት ሃይማኖት በላይ አይፈቀድም፣ የዘገየ ይቀራል።

ሌላው የመሥራች ትምህርት ነው። የዚህ ጥቅም የሚሄደው ለመሥራቹ ብቻ ነው፤ ተከታይ ወይም ከተማ በበዛለት ቁጥር ወርቅ ወይም ሌላ ገቢ ይገባለታል፣ ከጠላቱ ከተማ ሳይቀር። ስለዚህ አንኮበር ስትዞር ምግቡ የእኔ ሆኖ ወርቁ ወደ የአክስቴ ልጅ ሄደ። ሁለቱን ለይቶ ያላየ ተጫዋች ወይ ያለ ምክንያት ይደነግጣል ወይ ያለ ምክንያት ይተኛል።

እኔን የጎዳኝ ሦስተኛው ነው። የሃይማኖት ሰው ከተማ ላይ ሲገዛ የሚወጣው የዚያ ከተማ ሃይማኖት ሰው ሆኖ ነው። የገዢው አይደለም፣ የከተማው። አንኮበር ጉም ስለሆነች የወጣው የጉም ሐዋርያ ነው። አራቱም ከተሞችህ ከዞሩብህ እንግዲህ የራስህን ሃይማኖት ሰው የምትገዛበት ቦታ በዓለም ላይ የለም። እምነት እንደ ጤፍ ጎተራ ሞልቶ ዘር የምትዘራበት መሬት ታጣለህ። መሥራችነትህን የሚነጥቅህ የለም፣ ሃይማኖትህ ግን ሞቶ እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የጨዋታው ማስፋፊያ (ተጨማሪ ክፍል) ደግሞ ታማኝነት የሚል ሒሳብ ጨመረበት። አንተ የመሠረትከውን ሃይማኖት የያዘ ከተማህ ታማኝነቱ በሦስት ነጥብ ይጨምራል፤ ሌላ ከያዘ በሦስት ይቀንሳል። ድንበር ላይ ላለ ትንሽ ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። ደብረ ሲና እንዲህ ሆና አንድ ሰሞን ልታምፅብኝ ጫፍ ደርሳ ነበር።

ጎተራውን በዝግታ ከሚሞላው ግፊት ሌላ በእግር የሚሄድ አለ፦ ሚስዮናዊና ሐዋርያ። ሚስዮናዊን ለመግዛት የጸሎት ቤት ይበቃል፤ ሐዋርያ ቤተ መቅደስ ይፈልጋል። ሁለቱም የተዘጋ ድንበር አያግዳቸውም፤ ወታደር የማይገባበት ይገባሉ። ሚስዮናዊ አንድ ጊዜ ሲሰብክ ወደ ራሱ ጎተራ 200 ያህል ያፈስሳል፣ ከሌሎቹ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ሐዋርያ የሚያፈስሰው ትንሽ ይበልጣል፣ የሚቀንሰው ግን ሩብ ነው። አንድ ተራ ከተማ በሁለት መቶ ዙር የሚገፋውን አንድ ሚስዮናዊ በአንድ ስብከት አደረገው ማለት ነው። ሆኖም ሚስዮናዊ ሦስት ጊዜ ሰብኮ ያልቃል፤ ጎረቤት ግን አያልቅም። በሚስዮናዊ የያዝከው ከተማ ዙሪያውን በሌላ ሃይማኖት ከተከበበ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ሐዋርያት ይከራከራሉም። የሁለት ሃይማኖት ሰዎች ሲገናኙ ሐዋርያ በሌላው ላይ ክርክር ይከፍታል። መብረቅ ይወርዳል፣ ነጎድጓድ ይሰማል፣ የተረታው ይጠፋል። ዋናው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው፦ በዙሪያው አሥር ታይል ውስጥ ባሉ ከተሞች ሁሉ ለአሸናፊው ሃይማኖት 250 ይገባለታል፣ ከተሸናፊው ይቀነሳል። አንድ ክርክር የሦስትና የአራት ከተማ ቆጠራ ይገለብጣል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ሐዋርያቸውን ለስብከት ሳይሆን ለማድፈጥ ነው የሚያስቀምጡት፤ የሌላው ሰባኪ ወደ ከተማቸው እስኪጠጋ ይጠብቁና እዚያው ይረቱታል።

አያቴ አንድ ቀን ቡና እያፈላች የአክስቴ ልጅ «ሐዋርያህን ገደልኩት!» ሲል ሰማች።

«በስመ አብ! ሐዋርያ ነው የምትገድሉት?»

«እማማ፣ ጨዋታ ነው እኮ።»

«ጨዋታችሁ ይኼ ከሆነ ቁም ነገራችሁ ምን ሊሆን ነው?» ብላ ረከቦቱን ወደ ሌላኛው ክፍል ወሰደችው። ከዚያ በኋላ «ሐዋርያህን ረታሁት» ነው የምንለው። ጨዋታው ራሱም በክርክር ሲረታ አፅሙ ቅርስ የሚሆን «ሰማዕት» የሚባል የሐዋርያ ዓይነት እንዳለው አልነገርናትም።

ወደ አንኮበር ልመለስ። የቀረችኝ በውርጭ ያለች ከተማ መሐል ሜዳ ብቻ ነበረች፤ ሩቅ ስለሆነች የጎረቤቶቼ ግፊት አልደረሰባትም። መንዝ መቼም ሩቅ ነው! እዚያ አንድ ሐዋርያ ገዛሁ። ይህን ሐዋርያ ልስበክበት ወይስ መሥዋዕት ላድርገው? በሒሳቡ እንየው። ለአንኮበር ያንኑ የቅድሙን ምሳሌ እንያዝ፦ ጉም 500፣ ውርጭ 300። ሚስዮናዊ ብልክ ጉም ወደ 450 ይወርዳል፣ ውርጭ 500 ይሆናል፤ ስምንቱ ሰው አራት ለአራት ይካፈላል፣ ከተማው የማንም አይሆንም። ሐዋርያ ብልክ 375 ለ520፣ አምስት ለሦስት አሸንፋለሁ፤ በጠባብ።

ሌላው መንገድ ሐዋርያውን ሠውቶ ምርመራ ማወጅ ነው። ሐዋርያው ይጠፋል፣ በምትኩ መርማሪ የሚባለውን ሰው የመግዛት ፈቃድ ይገኛል። መርማሪ በራስህ ግዛት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ምንም አይሰብክም፣ ግን ከአንድ ከተማ የሌሎችን ሃይማኖት ሦስት አራተኛ ያወጣል። የጉም 500 ወደ 125 ወረደ። ውርጭ 300 እንዳለ። ስድስት ለሁለት። ለራሴ አንዲት ነጥብ ሳልጨምር። ሁለተኛውን መርማሪ ወደ ደብረ ብርሃን ላክሁት። ስሙን ስሰማ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል፣ መናፍቅ የተባለ ሁሉ ይቀጣበት ከነበረው ከአውሮፓው «ኢንኩዊዚሽን» የተዋሱት ነገር ደም አለበት፤ በጨዋታው ውስጥ ግን ከመከላከያ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። የሐዋርያው ኪሳራ መጀመሪያ ያማል እንጂ።

በሃይማኖት ማሸነፍም ይቻላል፦ በእያንዳንዱ መንግሥት ከከተሞቹ ከግማሽ በላይ ያንተን ሲይዙ። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ከተማ እንጂ ሰው አይደለም። ሃያ ነዋሪ ያለው ዋና ከተማና ሦስት ነዋሪ ያላት መንደር እኩል አንድ አንድ ናቸው። ስለዚህ ሰባኪ የሚላከው ወደ ትልቁ ከተማ ሳይሆን ወደ ትንንሾቹ ነው። ጎተራቸው ባዶ ስለሆነ በአንድ ስብከት ይዞራሉ።

ስለ ኢትዮጵያ ሳላነሳ ብተወው የሰፈሬ ሰው አይምረኝም። በዚህ ጨዋታ ኢትዮጵያን የሚመሩት አጼ ምኒልክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የተጨመሩ። በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ ነው። በጨዋታው ኮረብታ ላይ የቆረቆሯቸው ከተሞች ከሚያስገኙት እምነት 15 በመቶ ያህል ሳይንስና ባህል ያገኛሉ፤ ከዐለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያናቸውም ተራራና ኮረብታ በከበበው መጠን እምነቱ ይበዛል። የችሎታው ስም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ በ1900 ዓ.ም. ካቋቋሙት የተወሰደ። ብዙዎች ምኒልክን ሲይዙ ወዲያው ለሃይማኖት ይሮጣሉ። እኔ አልስማማም። የምኒልክ ጥቅም የሚመጣው ከእምነት ነጥብ ነው እንጂ ከሃይማኖት አይደለም። ከተሞችህ የማንንም ሃይማኖት ቢይዙ የዐለቱ ቤተ ክርስቲያን እምነቱን ያፈልቃል፣ 15 በመቶው ይገባል፣ በእምነትም ሙዚየምና አርኪዮሎጂስት መግዛት ትችላለህ። እኔ ግን ምክሬን ሳልሰማ ውርጭን መሠረትኩ፣ ይኸው የገባሁበት ጣጣ።

የደብረ ብርሃን መሥራች አጼ ዘርዓ ያዕቆብም በአራተኛው ሲቪላይዜሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ማስፋፊያ፣ የኢትዮጵያ መሪ ነበሩ። በዚያኛው አንድ ከተማ ሁለትና ሦስት ሃይማኖት ይዞ መኖር ይችል ነበር፣ አንዱ ሲገባ ሌላው አይወጣም። የመንግሥት ሃይማኖት የሚመርጠው ንጉሡ ነው፤ ጠቡም የሚነሣው ሌላ ከመረጠ ንጉሥ ጋር ነው። ለእኔ ያኛው ለይፋት ይቀርባል። ከሁለቱም የጎደለው ግን ዘርዓ ያዕቆብን ራሳቸውን ያስጨነቃቸው ነገር ነው፦ በአንድ ሃይማኖት ውስጥ የሚነሣ ክርክር። እ.ኤ.አ. በ1450 በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ የሰንበት ጉዳይ ሲያከራክር ኖሮ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ የተወሰነው በእሳቸው ዘመን ነው። ጨዋታው ውስጥ ውርጭ ከውርጭ ጋር አይጣላም።

ትናንት ማታ መብራት ከመሄዱ በፊት አንኮበርና ደብረ ብርሃን የእኔ ነበሩ፣ መሐል ሜዳ መቼም የእኔ ናት። ደብረ ሲና ስምንት ሰው አላት፤ አራቱ ውርጭ አራቱ ጉም። ሦስተኛ መርማሪ የምገዛበት እምነት የለኝም፤ እሱም አንድ ሚስዮናዊ ቀርቶታል፣ አንዴ ብቻ የሚሰብክ። ተራው የእሱ ነው። ቆሎውን አንሥቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።